ጂኦግራፊያዊ ተጋላጭነት ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ጂሬን ኮረብታ ላይ ያለውም ቤት፣ አዌቱ ወንዝ ጥግ ያለውም የጭቃ ቤት ያው ዶፍ ይወርድበታል። ጎርፍ የሚያሰጋው ግን ወንዝ ዳር ያለውን ነው። ጂኦግራፊያዊ ተጋላጭነት የሚባለው ይህ ነው፤ የሚኖሩበት ቦታ ሰዎችን ለአደጋና ለበሽታ ምን ያህል ያጋልጣቸዋል? ከሐኪም ቤት፣ ከገበያ፣ ከእርዳታስ ምን ያህል ያርቃቸዋል?

ታዲያ ወንዝ ዳር የሚኖረው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ርካሽ ኪራይ የሚፈልግ ሰው ነው። ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ፣ በቀን ሥራ የሚያድር፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ የሌለው። መጨረሻ ላይ የመጣ ሰው የሚያገኘው ሌላው የተወውን መሬት ነው፤ ረግረጉን፣ ገደላማውን፣ መኪና የማይገባበትን። ለዚህ ነው «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ማለፉ የማይዋጥልኝ። ቁልቁለቱ የተፈጥሮ ነው። እዚያ ማን እንደሚኖር የሚወስኑት ግን ገንዘብና የመሬት አሰጣጥ ናቸው።

የጅማን ውሃ ተከትለን ብንወርድ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። አዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል፣ ጊቤ ወርዶ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞ ደግሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በታችኛው ኦሞ በሚኖሩት የዳሰነች አርብቶ አደሮች ምድር ላይ ከ300 በላይ ሰው ገደለ። ደጋ ላይ የዘነበው ነው ቆላ ወርዶ ያጠፋቸው። «ለምን አልራቁም?» የሚል አይጠፋም። እንዴት ይራቁ? ያኔ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ነበር ማሽላ የሚዘሩት። ከብቶቻቸውም የሚግጡት እዚያው ነበር። በዚያ ላይ ከዋና መንገድ ርቀው ነበር፤ ከመሀል አገር የሚላክ እርዳታ ቶሎ አይደርስም ነበር።

በስደተኞች መጠለያም ያው ነው። ጋምቤላ ውስጥ ሌችዎር የሚባል መጠለያ ነበር። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሰፍረውበት ሳለ በ2006 ዓ.ም. ክረምት በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከጥይት ያመለጠ ሰው ድንኳኑን ውሃ ወሰደበት። ቦታውን የመረጡት ስደተኞቹ አልነበሩም። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎቹ እንደገና ጓዛቸውን ጠቅልለው ጋምቤላ ከተማ አጠገብ ወዳለው ጄዊ መጠለያ ተዛወሩ።