ካናዳ «የሁለት ቋንቋ አገር» ናት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። አንድ ወንድም ስለ ካናዳ ኑሮ በቪዲዮ ሲያስረዳ፣ «አገሩ የሁለት ቋንቋ ነው፤ ሁሉም ሰው እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ይናገራል፤ ፈረንሳይኛ ከሌለህ አትልፋ» አለ። ካልጋሪ ለመሄድ ወረቀት የጀመረች አንዲት እህት ይህን ሰምታ በድንጋጤ ደወለችልኝ። ኦታዋ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳረምኩት አላስታውስም። እስቲ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

የሁለት ቋንቋ ግዴታ ያለበት መንግሥት ነው። ሰው አይደለም። በ1969 የወጣው የኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የሚያዘው የፌዴራሉን መንግሥት ነው። ፓርላማው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በሁለቱም ቋንቋ ያገለግላሉ። ይህ የሆነውም ሕዝቡ ሁለቱንም እንዲማር ሳይሆን አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው እንዳይጉላላ ነው።

ቁጥሩም ይኸው። በ2021 ቆጠራ በሁለቱም ቋንቋ መነጋገር እችላለሁ ያለው 18 በመቶ ገደማ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሚበዛበት ከኩቤክ ፕሮቪንስ ውጭ ደግሞ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ቆጠራው የሚጠይቀው መጨዋወት ትችላለህ ወይ ብሎ ነው፤ መልሱም የሰውየው የራሱ ግምት ነው። ገበያ የሚያግባባ ፈረንሳይኛ ፍርድ ቤት ቆሞ ለመከራከር አይበቃም። ይህን በሥራዬ በየጊዜው አየዋለሁ።

ሁለት በር ያለው ቤት አስቡ። ባለቤቱ ሁለቱንም በር ከፍቶ ማቆየት አለበት። እንግዳው ግን በአንዱ ይገባል፤ በሁለቱም ግባ የሚለው የለም። የፌዴራሉ ቤት እንዲህ ነው። ነገር ግን ግቢው ውስጥ ሌሎች ቤቶችም አሉ፤ እንደ ክልል ያሉ 10 ፕሮቪንሶችና 3 ቴሪቶሪዎች። እያንዳንዱ በሩን የሠራው በራሱ መንገድ ነው። ይህ ለኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። አማርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ሆኖ ክልሎች የየራሳቸውን እንደሚወስኑ እናውቃለን።

ኩቤክ ኦፊሴላዊ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። ሞንትሪያል ከተማ መሀል እንግሊዝኛ በብዛት ስለሚሰማ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የፕሮቪንሱ ሕግ ግን ሞንትሪያልንም ኩቤክ ሲቲንም እኩል ይገዛል። በሕገ መንግሥቱ ሁለቱም ቋንቋዎች ኦፊሴላዊ የሆኑበት ፕሮቪንስ አንድ ብቻ ነው፤ ኒው ብረንዝዊክ። ሞንክተን የምትባለው ከተማው በ2002 ራሷን የሁለት ቋንቋ ከተማ ብላ አውጃለች። ኦንታሪዮ በሩ አንድ ነው፣ ግን ከ1986 ሕግ ወዲህ ቶሮንቶንና ኦታዋን ጨምሮ በተመረጡ አካባቢዎች የፕሮቪንሱ መሥሪያ ቤቶች በፈረንሳይኛ የሚያገለግሉበት መስኮት ከፍቷል። ካልጋሪ፣ ኤድመንተንና ቫንኩቨር ውስጥ የዕለት ኑሮው በእንግሊዝኛ ነው። ከቴሪቶሪዎቹ አንዱ በሆነው በኑናቩት ደግሞ የነባሩ የኢኑይት ሕዝብ ቋንቋ ከሁለቱ ጋር ኦፊሴላዊ ነው።

የማኒቶባ ታሪክ ልብ የሚነካ ነው። በ1870 ፕሮቪንስ ሲሆን ምክር ቤቱና ፍርድ ቤቶቹ ሁለት በር ነበራቸው። በ1890 የፈረንሳይኛውን በር በግንብ ደፈኑት። በ1985 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእንግሊዝኛ ብቻ የወጡት ሕጎች ሁሉ ዋጋ የላቸውም አለ። አገሩ ያለ ሕግ እንዳይቀር ግን ተተርጉመው እስኪያልቁ ድረስ ለጊዜው እንዲሠሩ ፈቀደ። የዘጠና አምስት ዓመት የትርጉም ሥራ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የኔ ሙያ ሰው ይገባዋል።

«ሁለቱንም የሚችል ሰውማ መብቱን ምን ያደርግለታል?» የሚለኝም አለ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የተከሰሰ አንድ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ በሚያውቁ ዳኛና ጁሪ (ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉ ተራ ዜጎች) እንዲዳኝ ጠየቀ። እንግሊዝኛ ትችላለህ ተብሎ ተከለከለ። በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንግሊዝኛ መቻሉ ጉዳዩን አይመለከትም ብሎ ክሱ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በሩ የተከፈተው በሌላው መግባት ላቃተው ብቻ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሲሰጠው ግን መብቱ ሌላ ነው፤ እሱ የሚያገኘው ክርክሩን እንዲረዳ ነው። ሁለቱን አታቀላቅሉ።

ፈረንሳይኛ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ስደተኛ በነጥብ በሚመረጥበት በኤክስፕረስ ኤንትሪ ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል፤ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ለሚፈልግም ትልቅ ነገር ነው። ለዜግነት ግን ከሁለቱ አንዱ ይበቃል።

ቋንቋው በእርግጥ የሚወስነው ቦታ ሲመረጥ ነው። ከኦታዋ ድልድዩን ስትሻገሩ ጋቲኖ ናት፤ ጋቲኖ ደግሞ ኩቤክ ናት። ኪራዩ ይረክሳል ብሎ የተሻገረ አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። ነሐሴ ላይ ልጆቹን ሊያስመዘግብ ሄደ። በኩቤክ ሕግ በቋሚነት የገባ ስደተኛ ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነው፤ ለየት የሚሉት በዋናነት ወላጃቸው ካናዳ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማረላቸው ናቸው። አባትየው የኪራይ ውሉን ይዞ ነው ወደኔ የመጣው።