የጉበት ሕመምና የእኛ ገበታ

«የወፍ በሽታ» ያለበት ሰው ምን ይብላ? ጥያቄው የተለመደ ነው፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ዓይን ቢጫ የሚሆንባቸው የጉበት ሕመሞች ብዙ ናቸው።

በኢትዮጵያ ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ይህ ቫይረስ በምግብ አይተላለፍም፣ በምግብም አይድንም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። የታማሚውን ሳህን መለየትም ሆነ ከአንድ ትሪ አብሮት አለመብላት ሰው ማሳዘን ካልሆነ ጥቅም የለውም። ክትባቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ለሕፃናት ይሰጣል። በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጡት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ናቸው።

ጉበት ለብዙ ጊዜ ሲጎዳ ጠባሳ ይይዛል፤ ሐኪሞች ሲሮሲስ ይሉታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፕሮቲን ጉዳይ ነው። «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ አትንካ» የሚለው የድሮ ምክር አሁን ተሽሯል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጡንቻው ቶሎ ይመነምናል፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከጤነኛው ይበልጣል። የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ይህን መሙላት ቀላል አይደለም። ደግነቱ ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ አሉን። ሕመሙ አእምሮን ማደናገር ለጀመረባቸው ሰዎችም የእህል ፕሮቲን ከሥጋው ይልቅ ይስማማል።

ከባዱ ነገር ሳይበሉ መቆየት ነው። ጠባሳ የያዘ ጉበት ስኳር በበቂ አያጠራቅምም። ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ሲራብ የሚደርስበትን ሁኔታ፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው በአንድ ሌሊት ይደርስበታል። ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ለዚህ ነው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት፣ ከመኝታ በፊትም መቅመስ የሚመከረው። አንድ ኩባያ በሶ ወይም አጥሚት ለዚህ ተስማሚ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ለእንዲህ ያለ ታማሚ አይመችም። በእስልምና በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ በኦርቶዶክስም ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር የተለመደ ነው። ከጾሙ ምግብ ሳይወጡ ሰዓቱን ብቻ ማስተካከልም ይቻላል።

ሆድ ውስጥ ውሃ ከቋጠረ ጨው ይቀነሳል፦ በቀን 5 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በወጡም በበርበሬውም በዳቦውም ያለው ተደምሮ። አዋዜና ሚጥሚጣ እዚህ ላይ ይፈተናሉ። ግን ጨው ጠፍቶ ምግቡ ጭራሽ ከተተወ ጉዳቱ ይብሳል። በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሎሚ ማጣፈጥ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ግን ይቅር፤ የደከመ ጉበት ኢንፌክሽን አይችልም።

አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ፦ ለታመመ ጉበት ሁሉም አንድ ናቸው፣ «ትንሽ» የሚባል ነገር የለም። ስለ ጫትም በሐረር የተደረገ ጥናት ከቆየ የጉበት ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል።

ብዙ የማይወራለት ሻጋታ ነው። በደንብ ሳይደርቁ በሚቀመጡ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው። መቁላትና ማብሰል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን መፍጨትም መፍትሔ አይደለም። በትግራይም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆድ የሚያሳብጥ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ተከስቶ ነበር። ተመራማሪዎች ከእህል ጋር ከሚቀላቀል የአረም ዘር መርዝ ጋር አያይዘውታል። እህል መልቀምና ማበጠር እንደ ተራ የቤት ሥራ ቢታይም ለጉበትም ይጠቅማል።

በከተማ ደግሞ በጉበት ላይ ስብ መከማቸት እየተለመደ ነው። ለስላሳ መጠጥና ስኳር መቀነስ፣ መንቀሳቀስ፣ ውፍረት ካለ ከክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ጉበቱን በግልጽ ያሻሽለዋል። ቡና አይከለከልም፤ እንዲያውም በቀን ሦስት ስኒ ገደማ የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው እምብዛም ጠባሳ እንደማይዝ ብዙ ጥናቶች ይናገራሉ። ስኳሩ ብቻ ይቀነስ።