የብሉቱዝ ፕሮፋይል ምንድን ነው? ፔር ሆነው ፋይል አልላክ ሲል

ስልኩና ላፕቶፑ በብሉቱዝ ፔር ሆነዋል፣ ማለትም ተጣምረዋል። የአንዱ ስም በሌላው ዝርዝር ውስጥ ይታያል። ፎቶ መርጣችሁ ትልካላችሁ። ትንሽ ያስጠብቅና «አልተላከም» ይላል። ደግማችሁ ትሞክራላችሁ፤ ያው ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ ብሉቱዙን አጥፍቶ ያበራል፣ ካልሆነም ስልኩን ሪስታርት ያደርጋል። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለው ሌላ ጋ ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ ፕሮፋይል የሚባለውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል።

ብሉቱዝ ብዙ ሥራ ይሠራል። ሙዚቃ ወደ ስፒከር ያደርሳል፣ ኪቦርድና ማውዝ ያገናኛል፣ ጥሪን ወደ መኪና ያስተላልፋል፣ ፋይል ይልካል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ደንብ አለው፤ ፕሮፋይል የሚባለው ያ ደንብ ነው። የሙዚቃው ኤ ቱ ዲ ፒ ይባላል። የኪቦርዱና የማውዙ ኤች አይ ዲ ነው። ፋይል የሚላክበት ደግሞ ኦ ፒ ፒ። አንድን ሥራ አብሮ ለመሥራት የዚያ ሥራ ፕሮፋይል በሁለቱም በኩል መኖር አለበት። አንደኛው ከሌለው መቶ ጊዜ ፔር ቢደረጉ ለውጥ የለም።

ታዲያ ፔር ማድረግ ምን ይጠቅማል? ሁለቱ ዕቃዎች ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈጥሩና በየበኩላቸው ያስቀምጡታል። በሚቀጥለው ጊዜ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት በዚያ ቁልፍ ነው። በቃ፣ መተዋወቅ ነው። ከጎረቤታችሁ ጋር ስለተዋወቃችሁ ብቻ ዕቃ ስትልኩለት ሁልጊዜ ቤት ይገኛል ማለት አይደለም።

ከዚህ የሚነሳ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የስልኩ ስም ሥር «ፔርድ» እንጂ «ኮኔክትድ» አይልም። ሰው ይህን ያይና ኮኔክትድ ለማስባል ሲታገል ይውላል። አያስፈልግም። የጆሮ ማዳመጫ ያለማቋረጥ ተገናኝቶ ይቆያል፤ ኦ ፒ ፒ ግን ግንኙነቱን የሚከፍተው ፋይል ሲላክ ብቻ ነው፣ ሲጨርስም ይዘጋዋል። ስለዚህ «ፔርድ» የሚለው ጽሑፍ ለፋይል በቂ ነው።

አይፎን ላይ ጉዳዩ አጭር ነው። አይፎን ኦ ፒ ፒ የለውም። ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ጋር ፔር ሊሆን ይችላል፣ ፎቶ በብሉቱዝ መላክ ግን አይችልም። የሚስተካከል ሴቲንግ ስለሌለ ጊዜ አታጥፉበት። በኬብል ወይም በኢንተርኔት ላኩት።

ከአንድሮይድ ወደ ዊንዶውስ ስትልኩ የሚፈጠረው ችግር ግን በደንብ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው። ዊንዶውስ በራሱ ፋይል አይቀበልም። ፋይል እንደሚመጣ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የብሉቱዝ ምልክት በቀኝ ክሊክ ትነኩና «ሪሲቭ ኤ ፋይል» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ምልክቱ ካልታየ ሴቲንግ ውስጥ ብሉቱዝ ገጽ ላይ «ሴንድ ኦር ሪሲቭ ፋይልስ» የሚል አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩ እየጠበቀ መሆኑን የሚያሳይ መስኮት ይከፈታል። ያ መስኮት ክፍት እያለ ነው ከስልኩ መላክ ያለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ የሚቀበለው አጥቶ «አልተላከም» ይላል፣ ምክንያቱንም አይነግራችሁም። እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እንደደበቁት ለእኔ እስካሁን ግልጽ አይደለም። ሌላም አለ፦ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ከደረሰ በኋላ መስኮቱ የት ይቀመጥ ብሎ ይጠይቃል። «ፊኒሽ» ሳትሉ ከዘጋችሁት ፋይሉ ላይቀመጥ ይችላል። ማክ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ሼሪንግ ውስጥ ያለው «ብሉቱዝ ሼሪንግ» እስኪበራ ድረስ አይቀበልም።

ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሲሆን ጠባቂው ስልኩ ነው። «ልቀበል?» የሚል ኖቲፊኬሽን ይመጣል፣ ማንም ካልነካው ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ስልኩ ተቆልፎ ኪስ ውስጥ ከሆነ አታዩትም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ስክሪኑን ክፈቱና ዓይናችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከዕድሜው የመጣ ነው። ኦ ፒ ፒ የቆመበት ኦቤክስ የሚባል አሠራር የተወረሰው ከኢንፍራሬድ ዘመን ነው፤ ስልኮች ፊት ለፊት ተቀምጠው በማይታይ ብርሃን የሚላላኩበት ጊዜ ማለት ነው። የመጀመሪያው የብሉቱዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ከሚታሰቡት ሥራዎች አንዱ የስልክ ቁጥርና አድራሻ የያዘ ትንሽ ካርድ መላላክ ነበር። የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ማንም አላሰበም። መሃል ላይ ከተቋረጠም ብዙ ጊዜ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ፍጥነቱም እንደዚያው ነው። በጥሩ ሁኔታ ላይ በሰከንድ 2 ሜጋቢት አካባቢ ነው (1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው)። 5 ሜጋባይት ፎቶ 20 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ 1 ጊጋባይት ቪዲዮ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። «ስልኬ ብሉቱዝ 5 ነው» የሚል አይጠፋም። የብሉቱዝ 5 የፍጥነት ጭማሪ ሎው ኢነርጂ ለሚባለው ኃይል ቆጣቢ ክፍል የመጣ ነው፤ ኦ ፒ ፒ የሚሄደው በድሮው፣ ክላሲክ በሚባለው መንገድ ነው። በዚያ 1 ሰዓት ውስጥ ላፕቶፑ ስሊፕ ሊገባ ወይም ስልኩ ባትሪ ቁጠባ ሊጀምር ይችላል። ያኔ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው።

መጀመሩ ደህና ሆኖ መሃል ላይ እየተቋረጠ ካስቸገረ አየሩን ተመልከቱ። ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። እዚያው ዋይፋይም አለ፣ ማይክሮዌቭም አለ። ብሉቱዝ መጨናነቅን ለማምለጥ በ79 ቻናሎች መካከል በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ይዘላል፣ ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም። በብዙ ላፕቶፖች ዋይፋይና ብሉቱዝ አንድ ቺፕ ላይ ናቸው፤ ትልቅ ዳውንሎድ ከተከፈተ አቁሙት ወይም ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩት። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ አስማሚ የምትጠቀሙ ከሆነ ከዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ አጠገብ አትሰኩት። የዩኤስቢ 3 ኬብልና መሰኪያ ራሱ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ይለቃል።

ድሮ ይሠራ የነበረ ድንገት እምቢ ካለስ? ያ ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው የሚጠረጠረው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ ወይም አንዱ ዕቃ ሌላውን ከረሳ፣ አንዱ ጋ ያለው ቁልፍ ሌላው ጋ አይኖርም። ስሙ ግን ዝርዝሩ ላይ ይቀራል፣ ሰውን የሚያታልለውም ይሄ ነው። ከሁለቱም አጥፍታችሁ አዲስ ፔር አድርጉ። ከአንዱ ብቻ ማጥፋት አይበቃም።

አንዳንድ ስልኮች የማያውቁትን የፋይል ዓይነት አይቀበሉም፤ በተለይ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) ላይ። ፋይሉን ዚፕ ማድረግ፣ ማለትም አጭቆ መጠቅለል፣ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ትልቅ ፋይል ከሆነ ግን ኦ ፒ ፒን እርሱት። አንድሮይድ ላይ ክዊክ ሼር አለ፣ ለዊንዶውስም አፕ ወጥቶለታል። አይፎንና ማክ መካከል ኤርድሮፕ አለ። ሁለቱም ብሉቱዝን የሚጠቀሙት አጠገባቸው ማን እንዳለ ለማወቅ ነው፤ ፋይሉን የሚያጓጉዙት በዋይፋይ ነው።