ጀርሞች መድኃኒት ሲላመዱ፦ የኢትዮጵያ ሁኔታ

ጀርሞች አንቲባዮቲክን የሚላመዱት በሽተኛው ኪኒኑን ሳይጨርስ ስለሚያቋርጥ ነው ሲባል በሬዲዮም በጤና ጣቢያም ይሰማል። ችግሩን ሁሉ በበሽተኛው ጫንቃ ላይ መጣል ግን ከነገሩ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት የ103 አገሮችን መረጃ አነጻጽሮ ነበር። በዚያ ጥናት የመድኃኒት ፍጆታ መጠን በአገሮች መካከል ያለውን ልዩነት አላስረዳም፤ ከመላመዱ ጋር ጎልተው የተያያዙት የመሠረተ ልማት ጉድለትና ደካማ አስተዳደር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከፍተኛው ሞት የታየውም በምዕራብ አፍሪካ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትኩሳት ነው። ራስ ምታትና ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ደም ሰጥቶ ጥቂት እንደጠበቀ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ይወጣል። ከዘመድ ከጎረቤት ይህን ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ለታይፎይድ የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የሚፈልገው ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ስለሆነ፣ ከዓመት በፊት የታመመም ሆነ በሌላ ተቀራራቢ ጀርም የተያዘ ሰው «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። አስተማማኙ የደም ካልቸር (ከደም የተወሰደውን ጀርም አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ የማይቋረጥ መብራት፣ የምርመራ ኬሚካልና የሠለጠነ ባለሙያም ይጠይቃል፤ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጭ ደግሞ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ሲፕሮ ወይም ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ በግምት ይታዘዛል። ሐኪሙን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ ቀበሌ የመጣውን በሽተኛ ነገ ተመልሶ እንደማያገኘው ያውቃል።

አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ይሁንና የቀን ሠራተኛ ወረፋ ይዞ መዋል ማለት የዚያን ቀን ገቢ ማጣት ስለሆነበት፣ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «አሞክሳሲሊን ስድስት ፍሬ ስጠኝ» ይላል፤ ኪሱ የሚፈቅደው ያንኑ ነው። የተረፈው ለልጅ ወይም ለጎረቤት ይቀመጣል። እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም የቆየ ልማድ ነው፤ ቁስሉ ሲደርቅ ስለሚታይ ብዙዎች ፍቱን ነው ብለው ያምናሉ።

ከሁሉ የከፋው የሚታየው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ቧንቧው ከደረቀ አስታማሚ በጀሪካን ውኃ ያመላልሳል፤ ነርሷ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ስትሄድ እጇን የምትታጠብበት ውኃ ላይኖር ይችላል። ክሌብሲዬላ የተባለው ባክቴሪያ በእጅ፣ በእቃ ማጠቢያና በደም ሥር በሚገባ ቱቦ እየተዛመተ ክፍሉን የሚወርሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካና በደቡብ እስያ አገሮች ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት፣ ደማቸው ከተመረዘ ጨቅላዎች የተገኙ ክሌብሲዬላን የመሳሰሉ 390 «ግራም ኔጋቲቭ» የሚባለው ምድብ ባክቴሪያዎች ተመርምረው ነበር። 97.2 በመቶዎቹ አምፒሲሊንን፣ 70.3 በመቶዎቹ ጄንታማይሲንን ተቋቁመዋል። እነዚህ ሁለቱ ለጨቅላ ሕፃን መጀመሪያ የሚታዘዙት ናቸው። እነዚህ ሕፃናት ኪኒን አቋርጠው አያውቁም፤ ጀርሙን ያገኙት ከተወለዱበት ወይም ከተኙበት ክፍል ነው።

ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ያለው ደግሞ የፍሳሽ ጉዳይ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ደረጃውን የጠበቀና ለብቻው የሚጠቀምበት መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ 6 በመቶ ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የቤት፣ የፋብሪካና የሕክምና ተቋም ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ በመንገዳቸውም ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ያጠጣሉ። የመድኃኒት ቅሪትና የብዙ ዓይነት ባክቴሪያ መቀላቀያ በሆነ ውኃ ውስጥ አንዱ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ጂን ለሌላው ያቀብላል፤ የተለየ ዝርያ መሆናቸውም አያግደውም። ሰላጣ ደግሞ በጥሬው ይበላል።

ጥሩ ሥራም ዋጋ እንደሚያስከፍል የምሥራቅ ጎጃሙ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ያሳያል። እዚያ የዓይን ማዝን (ትራኮማን) ለመከላከል አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በጅምላ ሲታደል ተመራማሪዎች ልጆቹን ይከታተሉ ነበር። በየሦስት ወሩ ለልጆች በታደለባቸው ቀበሌዎች፣ መድኃኒቱን የተላመደ የሳንባ ምች ባክቴሪያ የተገኘባቸው ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3.6 ወደ 46.9 በመቶ አሻቀቡ። በዚያው ወረዳ በተሠራ ጥናት ግን መድኃኒቱ በተሰጠባቸው አካባቢዎች የልጆች ሞት በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። እደላው አይገባም ነበር የሚል ካለ ይህን ሁለተኛ ቁጥር አብሮ መያዝ ይኖርበታል።

ከብቱንም መርሳት አይቻልም። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ በገበያ ላይ እንደ ልብ ይገኛል፤ መርፌውን ራሱ የሚወጋ አርቢም አለ። የታከመች ላም ወተት የመድኃኒት ቅሪት ስለሚኖርበት ለተወሰኑ ቀናት መሸጥ የለበትም፤ ወተቱ የዕለት ገቢው ለሆነ ሰው ግን ያን ያህል ወተት መድፋት ከባድ ነው።

መንግሥት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ስትራቴጂ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከ2021 እስከ 2025 የተዘረጋው ሦስተኛው ዕቅድ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ ይዟል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ ለሰው ሕክምና ከሚውለው አንቲባዮቲክ 70 በመቶው እስከ 2030 ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ሕክምና ከመደባቸው መድኃኒቶች እንዲሆን ግብ ተቀምጧል። ሴፍትሪአክሶን በጥንቃቄ እንዲሰጡ ከተለዩት እንጂ ከእነዚህ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን ለተኛ በሽተኛ አዘውትሮ የሚታዘዘው እሱ ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይወጋል፣ ብዙ ዓይነት ጀርም ይነካል፤ ካልቸር የሌለው ሐኪምም ሌላ የሚመርጥበት መረጃ የለውም።