ትልቅ ስክሪንና ትልቅ ፊልም አንድ አይደሉም

ቱሉ ዲምቱ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግርጌ የሰፈራችን ወጣቶች ኳስና ፊልም በፕሮጀክተር የሚያሳዩበት አዳራሽ አለ። በአንድ ሲኒማ ቤት ባለ 35 ሚሊሜትር (ቁጥሩ የፊልሙ ጥብጣብ ወርድ ነው) የፊልም ጥቅል ስጭን ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ስለ ባለ 70 ሚሊሜትር ፊልም ወሬ በተነሣ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ይዘውት የሚመጡት ስሕተት ግን ዘወትር ያው በመሆኑ ጽፌ ማረም ግድ ሆኖብኛል።

«ትልቅ ፎርማት ማለት ትልቅ ስክሪን ማለት ነው።»

አይደለም። ትልቅ መሆን ያለበት በፊልሙ ላይ የታተመው ምስል ነው። በተለመደው 35 ሚሊሜትር ፊልም የአንዱ ፍሬም (የአንዱ ነጠላ ምስል) ቁመት፣ ማሽኑ ፊልሙን ከሚጎትትባቸው የጠርዝ ቀዳዳዎች የአራቱን ያህል ነው። በባለ 70 ሚሊሜትሩ አምስት ቀዳዳ ሲሆን፣ ወርዱም ስለሚሰፋ የምስሉ ቦታ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። አይማክስ የተባለው የትልቅ ምስል አሠራር ደግሞ ያንኑ ባለ 70 ሚሊሜትር ፊልም አግድም ስለሚያስኬደው ለአንድ ፍሬም 15 ቀዳዳ ይወስዳል፤ ቦታውም ከ35 ሚሊሜትሩ አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ልጆቹ ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ ስበው ግድግዳውን በሙሉ በምስል ከሸፈኑ በኋላ «ጋሼ፣ ይኸው የእኛም አይማክስ» ብለው ጠሩኝ። ምስሉ በእርግጥ አድጎ ነበር፤ ነገር ግን የምስሉ ወርድ በእጥፍ ሲጨምር ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ቦታ ላይ ስለሚበተን፣ የተዋናዩ ዓይን ከቅንድቡ ጥላ ጋር ተደባልቆ አይለይም ነበር። ልጆቹን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ሳሳያቸው ምስሉ የተሠራባቸውን አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች በዓይናቸው ቆጠሩ። ትንሽ ምስል ሲለጠጥ ጉድለቱም አብሮ ይለጠጣል።

ልዩነቱን በገዛ ዓይኔ ያየሁት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለዘመድ ጥየቃ ለንደን በሄድኩበት ጊዜ፣ «ኦፐንሃይመር» የተባለው ፊልም በባለ 70 ሚሊሜትር አይማክስ ሲታይ ነው። ለማሳያ የታተመው የፊልሙ ኮፒ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና ወደ 270 ኪሎ ግራም ክብደት ነበረው። 20 ሜትር ቁመት ባለው ስክሪን ላይ የአንድ ሰው ፊት ብቻውን ሲመጣ የቆዳው ቀዳዳና የዓይኑ እርጥበት ይታይ ነበር፤ ዕድሜዬን ከፊልም ጋር ያሳለፍኩ ሰው እንባዬ መጣ።

«ካሜራውም 70 ሚሊሜትር ነው።»

የሚቀረጸው በ65 ሚሊሜትር ነው፤ ቀሪው 5 ሚሊሜትር በኮፒው ላይ የተጨመረው ለድምፅ መስመሮች ነበር።

«ፊልም ሁልጊዜ ይጫጫራል።»

ይህ የሚያሳዝነኝ አባባል ነው። እኛ ዘንድ ይደርሱ የነበሩት ኮፒዎች በብዙ ሲኒማ ቤቶች ያለፉ ነበሩ፤ የሚጭራቸውም በማሽኑ ላይ የሚቀር አቧራ ነው። እኔ በየጠዋቱ የፊልሙን መተላለፊያ በብሩሽ ሳልጠርግ ጥቅል ጭኜ አላውቅም። ንጹሕ ኮፒ በንጹሕ ማሽን ሲያልፍ ጭረት አይታይበትም።

«አይማክስ የሚል ጽሑፍ ካለ ፊልም ነው።»

ዛሬ አብዛኞቹ የአይማክስ አዳራሾች ዲጂታል ናቸው። ስለዚህ ውጭ አገር የመሄድ ዕድል የገጠማችሁ ልጆች፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ፊልሙ የተቀረጸው በትልቅ ፎርማት ነው ወይ? የሚታየውስ ከ70 ሚሊሜትር ኮፒ ነው ወይ? በዲጂታል ተቀርጾ በ70 ሚሊሜትር የታተመም አለና አንዱን መልስ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። መቀመጫ ስትመርጡም ከአዳራሹ መካከል ጥቂት ወደ ኋላ ያለውን ረድፍ ያዙ።