ዋት በኪሎ ምንድን ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ በብስክሌት ጓደኞቹን ሁሉ ጥሎ የሚወጣ ልጅ ያየ ሰው «ይሄ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል» ማለቱ አይቀርም። አሠልጣኝ ግን መጀመሪያ ዋት በኪሎውን ይጠይቃል። ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በዋት ተለክቶ ለሰውነቱ ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ማለት ነው።

65 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ ለ20 ደቂቃ በአማካይ 360 ዋት ቢያወጣ 5.5 ይሆናል። አንድ ሰዓት ያህል የሚዘልቅበትን ለመገመት 360ው በ0.95 ይባዛል፤ 342 ዋት፣ በኪሎ 5.3 ገደማ። በቱር ደ ፍራንስ ረጃጅም ዳገቶች ላይ ለድል የሚፎካከሩት 6ን ይሻገራሉ።

ጋላቢው የሚያወጣውን ዋት የሚለካው መሣሪያ፣ ፓወር ሜትር፣ ውድ ነው። ለሌለው ሰው ዳገቱ ራሱ ይለካለታል። 66 ኪሎ የሆነ ልጅ 9 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት 400 ሜትር ከፍታ በ20 ደቂቃ ቢወጣ፣ 75 × 9.81 × 400 ÷ 1,200 = 245 ዋት። ለጎማና ለአየር 10 በመቶ ያህል ሲጨመርበት 270 ይጠጋል። ይህ ሲካፈል ለ66 እንጂ ለ75 አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ 4.1 ነው። ስሌቱ የሚያስተማምነው ቀጥ ባለ ዳገት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሚኒባስ መንገዱን ሳይሞላው በማለዳ ነው።

ሚዛንም ያታልላል። 65 ኪሎ የሆነው ጋላቢ «62 ነኝ» ካለ 5.5 የነበረው 5.8 ይሆናል፤ ስለዚህ በፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን። ፓወር ሜትሩም ከቤት ወጥቶ ከውጭው ብርድ ጋር ከተላመደ በኋላ ዜሮ ላይ መስተካከል አለበት።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ኦክስጅኑ ይሳሳል፤ እዚህ 5 ያወጣ ልጅ ዝቅ ባለ አገር ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል። በፍጥነት ግን አይፈረድም፤ ስስ አየር ጋላቢውን ያን ያህል አይገታውምና። ቤልጂየማዊው ጋላቢ ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ከፍታ ላይ ያለችውን ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ የማይዳኛቸው ጋላቢዎችም አሉ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን ሲያሸንፍና የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ሲወስድ ጉዳዩ ያለቀው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ጉልበትና በቦታ አያያዝ ነው።

በእኛ እምነት ታላቅነትን የሚለየው ጋላቢው ከደከመ በኋላ የሚቀርለት ቁጥር ነው። አንድ ቀን ሳይደክም የ20 ደቂቃውን ፈተና ይስጥ። ሌላ ቀን ሰንዳፋ ደርሶ ይመለስና ያንኑ ዳገት ይድገመው። ምን ያህል እንደደከመ የሚነግረን ያወጣው ጉልበት ነው፦ በአማካይ 200 ዋት ከጋለበ በሰዓት 720 ኪሎ ጁል ያወጣል፤ ሦስት ሰዓት ሲጠጋ 2,000 ይሞላል። 5.5 የነበረው 5.3 ላይ ከቆመ ይህን ልጅ አሠልጣኝ ሊይዘው ይገባል። 4.6 ከወረደ መጀመሪያ የበላውን እንጠይቀው፦ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል፣ አንድ ሙዝ ግን 25 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። በሁለት ሙዝ ሦስት ሰዓት ጋልቦ ከሆነ የተለካው ረሃቡ ነውና፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአግባቡ እየበላ ይድገመው።