የሜዲኬር የቪዲዮ ሕክምና በየጊዜው «ሊቆም ነው» የሚባለው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ እናቱ ወይ አክስቱ አሜሪካ ያለችበት ሰው ብዙ ነው። «ከቤት ሆኖ መታከም ሊቀር ነው» ሲባል ግራ ይገባዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የጤና መድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት ለቪዲዮ ሕክምና የሚከፍለው ባብዛኛው ለገጠር ነዋሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ታካሚዋ ከቤቷ ወጥታ፣ አንድ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ሄዳ፣ እዚያ ስክሪን ፊት ከተቀመጠች ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት መኪና ተለምኖላት ክሊኒክ ከደረሰች በኋላ ሐኪሟን በስክሪን ማየቷ ምን ይባላል!

ኮቪድ ሲመጣ ይህ ገደብ ተነሳ። የተነሳው ግን ለጊዜው ነው፣ ዋናው ሕግ እንዳለ ነው። ስለዚህ ቀኑ በደረሰ ቁጥር ኮንግረስ ማራዘም አለበት። በኦክቶበር 2025 በጀት ባለመጽደቁ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ በከፊል ሲዘጋ ሳይራዘም ቀርቶ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ፈቃዱ «ቋሚ ይሁን» የሚባለው ለዚህ ነው። የአእምሮ ጤና ክትትል ከቤት ሆኖ ማድረግ ግን ቀድሞውኑ በቋሚነት ተፈቅዷል።

እኛን የሚነካው ሌላ ነው። እናታችሁ ለጥምቀት መጥታ ጣና ዳር ሆና ለሐኪሟ በቪዲዮ ብትደውል፣ ሜዲኬር አይከፍልም ብላችሁ አስቡ፤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚሰጥ ሕክምና ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይሸፍንም። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒቷን ለቆይታዋ የሚበቃ ያህል አስጽፋ ትምጣ፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ ትያዘው።